ላልተሠራ ሥራ የተከፈለ ገንዘብ

«ዋስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ የሚሸከመው ነገር ግን ብዙ ነው። ሰው ሲበደር ዋስ ይጠራል፤ ሲከሰስ ዋስ ይጠራል፤ በመንግሥት ሥራ ሲቀጠር፣ ይልቁንም ገንዘብ ወይም ንብረት የሚረከብ እንደ ሆነ፣ «ዋስ አምጣ» ይባላል። እኔም የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ጨርሼ በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል የተቀጠርሁት አጎቴ ዋስ ሆነውኝ ነው። ሆኖም ዋስ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ከነክብደቱ የተረዳሁት፣ የሰፈራችን ዕድር ላልተሠራ ሥራ የከፈለውን ገንዘብ ለማስመለስ በደከምንበት በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ነው።

ነገሩን በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ሰፈራችን ለማውራት ብዬ አይደለም። በየከተማውና በየገጠሩ ሕዝቡ ከኪሱ እያዋጣ ትምህርት ቤት ያሠራል፤ ምንጭ ያጎለብታል፤ ቤተ ክርስቲያን ያሳድሳል። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ አንድ ቀን ይመጣል፤ ይኸውም የተሰበሰበው ገንዘብ ከሣጥን ወጥቶ በተቋራጭ እጅ የሚገባበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሕዝቡ የሚይዘው አንዲት ወረቀት ብቻ ነው። ያች ወረቀት ምን እንደምትል አስቀድሞ አጥብቆ የሚያነብ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ እኛ ዘግይተን ያነበብነውን ሌላው ቀደም ብሎ ቢያነበው ይጠቅመዋል እላለሁ።

የእኛ ዕድር 200 ያህል አባላት ያሉት ነው። እንደ ማንኛውም የከተማ ዕድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ አለው፤ ሰው ሲሞት ለኀዘንተኛው የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። ደብረ ማርቆስ፣ የቀድሞዋ መንቆረር፣ ከጮቄ ተራራ በታች ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች ክረምቷ ብርቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚሞት ሰው ቤተ ሰቡን እጥፍ ያስቸግራል። ድንኳኑ ያፈስሳል፤ ወለሉ ጭቃ ይሆናል፤ ከገጠር ለልቅሶ የመጣው ዘመድ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ይበሰብሳል። ስለዚህ አባላቱ በየወሩ ከሚከፍሉት ላይ ለብዙ ዓመት ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ካጠራቀሙ በኋላ፣ የድንጋይ መሠረት፣ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው አዳራሽ ለማሠራት ቈረጡ።

ተቋራጩ የከተማችን ልጅ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ከዚያ በፊት ሁለት መኖሪያ ቤቶችና አንድ የእህል መጋዘን ሠርቶ በደህና አስረክቧል። ይህን የምናገረው ኮሚቴው ዐይኑን ጨፍኖ ገንዘብ በተነ የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ሽማግሌዎቹ ጠይቀዋል፤ ሄደውም የሠራውን አይተዋል። በታኅሣሥ 2010 ውል ተፈረመ። የሥራው ዋጋ 400,000 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያው 160,000 ብር፣ የማስረከቢያው ጊዜ ከትንሣኤ በዓል በፊት ሆነ።

ተቋራጩ ገንዘቡን በተቀበለ በሳምንቱ ሁለት መኪና ድንጋይና አንድ መኪና አሸዋ አራገፈ። ችካል ተተከለ፤ ገመድ ተወጠረ። ሥራው እዚያ ላይ ቆመ። በስልክ ሲጠየቅ መጀመሪያ «ነገ እመጣለሁ» አለ፤ ቀጥሎ «ሲሚንቶ ጠፋ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል እንጂ የሚያነሣው ሰው አልተገኘም። ኋላ እንደ ተረዳነው፣ በእኛ ገንዘብ በሌላ ወረዳ የጀመረውን ሥራ ይጨርስበት ነበር፤ የዚያኛውን ሥራ ገንዘብ ደግሞ ከዚያ በፊት ላለበት ዕዳ ከፍሎት ኖሯል። የብዙ ተቋራጭ ኑሮ እንዲህ ነው፤ የዛሬው አሠሪ ገንዘብ የትናንቱን ቀዳዳ ይደፍናል። ሌባ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ሐቀኛ ነው ለማለትም አይቻልም።

ትንሣኤ አለፈ። ገመዱን ልጆች ፈትተው ዘለሉበት፤ በችካሉ ላይ ፍየል ታሰረ። በግንቦት ወር ከአባላቱ አንዱ፣ በጉልበት ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው፣ ሞተ። ሣጥኑ ባዶ ስለ ነበረ ለሚስቱ ሊሰጣት ከሚገባው ገንዘብ ግማሹ ብቻ ተሰጣት፤ ስለ ቀሪው ግማሽ ወረቀት ተጻፈላት። ዕድር ለኀዘንተኛ የዱቤ ወረቀት ሲጽፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሴትዮዋ ወረቀቱን አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ምንም ሳትናገር ሄደች።

በሰኔ ወር በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ እኔ የዕድሩ ጸሓፊ ሆኜ ገንዘቡን እንዳስመልስ ተመረጥሁ። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ በብብቴ ወረቀት ይዤ ስለምታይ ሕግ ዐዋቂ መስያቸው ነው። እኔ የማውቀው የሒሳብ መዝገብ ነበር። ነገር ግን በሒሳብ ክፍል የዋለ ሰው አንድ ልማድ ይይዛል፤ ስለ ክፍያ ከመናገሩ በፊት ሰነዱን ያያል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ «ውሉን አምጡልኝ» አልሁ።

ውሉ በእጅ የተጻፈ፣ ሁለት ገጽ የሆነ፣ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ነው። ይህ ደግ ነው። ከአንድ ጠበቃ ወዳጄ የፍትሐ ብሔርን ሕግ ተውሼ ማታ ማታ ከውሉ ጋር እያስተያየሁ አነብ ጀመር። ይህ ሕግ በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። ቁጥሩ 3367 ይደርሳል። መንግሥታት ሲለዋወጡ የቤተ ሰብን ነገር የሚመለከተው ክፍል በሌላ ሕግ ቢተካም፣ ስለ ውል የሚናገረው ክፍል እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በመንገድ ላይ ሰው ሁሉ «ሕግ የለም» እያለ ሲያማርር ይሰማል፤ እኔ ግን ባነበብሁ ቍጥር የከበደኝ ሕጉ አለመኖሩ ሳይሆን፣ ለእያንዳንዷ ያልታሰበች ነገር አንድ ቍጥር ተዘጋጅቶላት መቆየቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም የጠያቂውን ፈቃድ በሚገልጽ በሌላ አኳኋን ሊሆን ይችላል። ስድስት ወር በስልክ መጮኽ ማስጠንቀቂያ ይሆን ወይስ አይሆን እንደ ሆነ ለመከራከር ከመነሣት አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይቀላል። በ15 ቀን ውስጥ ሥራውን ካልጀመረ ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደማንቀበልና ገንዘባችንን እንደምንጠይቅ ገልጸን በአደራ ደብዳቤ ላክንለት። አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ።

ከአባላቱ መካከል «ይታሰር!» የሚሉ ነበሩ። ይህም የሰው ልማድ ነው፤ ገንዘቡ የተበላበት ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የበላውን ሰው በገመድ ታስሮ ማየት ያረካዋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 692 ማታለል ወንጀል ነው። ነገር ግን ማታለል የሚባለው ተቋራጩ ገንዘቡን በተቀበለባት ቀን ላለመሥራት አስቦ፣ እኛንም በሐሰት ነገር አሳምኖ እንደ ሆነ ነው። ድንጋይና አሸዋ ያራገፈ ሰው ይህን አላሰብሁም ቢል መልሱ ቀላል አይሆንም። ውል ማፍረስ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ደግሞም የታሰረ ተቋራጭ ብር አይሠራም። አንድ ሌላ አባል ደግሞ ጊዜው ስላለፈ መብታችን ቀርቷል ብሎ ሰዉን አስደንግጦ ነበር፤ እኔም ቁጥር 1845ን አንብቤ፣ በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነለት በቀር 10 ዓመት እንደሚቆይ ነገርኋቸውና ጥቂት ተረጋጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በውሉ ግርጌ የተቋራጩ አማች «እኔም ዋስ ነኝ» ብሎ ፈርሟል። ይህ አማች ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሀብቱም የሚታይ ሰው ነው። ፊርማውን ባየሁ ጊዜ ገንዘባችን የተመለሰ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ደስታዬም ቁጥር 1922 እስክደርስ ድረስ ቆየ። ያ አንቀጽ ዋስትና በግልጽ ካልተነገረ በቀር እንደማይገመት ይናገርና፣ ዋሱ ኀላፊ የሚሆንበት የገንዘብ ልክ እስከ ስንት እንደ ሆነ በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው የማይጸና መሆኑን ይደነግጋል። ፊርማው አለ፤ ሰውዬው አለ፤ ወፍጮው በየቀኑ ይፈጫል፤ ቍጥሩ ግን የለም። አማችየው ዘንድ ሄደን ባነጋገርነው ጊዜ ወንበር ሰጥቶ፣ ቡና አስፈልቶ፣ በትሕትና «ጠበቃ አማክሬአለሁ» አለን። ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ በሕጉ ተናደድሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሕጉ የሚያዝንለትን ሰው ለየሁት። ዋስ ከነገሩ ምንም የማይጠቀም ሰው ነው። ሥራው ቢሠራ ትርፉ የተቋራጩ፣ አዳራሹ የዕድሩ ነው፤ ዋሱ የሚቀርለት ስጋቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕጉ «ቢያንስ ስንት እንደሚያጣ ዐውቆ ይፈርም» ይላል። የቀደመው ዘመን ለዋስ እንዲህ አያዝንም ነበር። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስ ይናገራል፤ ነገር ግን በአደባባይ የታየው ልማድ ከመጽሐፉ ይልቅ የጠነከረ ነበር። ተካሳሾቹ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ ዋስ ያጣ ባለዕዳም ከአበዳሪው ጋር ወይም ከአበዳሪው ሰው ጋር በቁራኛ ታስሮ አብሮ ይውል፣ አብሮ ያድር ነበር። ዛሬ «በዐይነ ቁራኛ ጠበቀው» ስንል የምንናገረው ከዚያ የተረፈውን ቃል ነው። ከቁራኛ የሚያድን ዋስ ብቻ ነበረና፣ ዋስ የሆነ ሰው ምን ያህል ዋስ እንደ ሆነ አይጠየቅም፤ በሙሉ ሰውነቱ፣ በርስቱና በስሙ ዋስ ነው። የዕድራችን ሽማግሌዎች ውሉን ሲያስፈርሙ በልባቸው የነበረው ይህ የጥንቱ ዋስ ነው። የፈረሙበት ወረቀት ግን የሚዳኘው በ1952ቱ ሕግ ነው። ገንዘባችን የወደቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ገደል ነው።

ክረምት ገባ። ፍርድ ቤት ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ቀን ለዕረፍት ስለሚዘጋ፣ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ነገሩን በሽማግሌ ለማየት ተቋራጩን አስጠራነው። በስልክ ያልመጣው ሰው በእናቱ በኩል ቢጠራ መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከአንድ የጥድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ከእነርሱም አንዱ በዳኝነት ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ።

ተቋራጩ የመጣው ተዘጋጅቶ ነው። ተነሥቶ እጅ ነሣና እንዲህ አለ፦

«አባቶቼ፣ የተቀበልሁት ገንዘብ ቀብድ ነው። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። ‹ከእንግዲህ ሥራውን አንቀበልም› ብለው በደብዳቤ የጻፉልኝ እነርሱ ናቸው። ያፈረሱት እነርሱ ናቸው።»

ሰዉ ተንጫጫ። የቀድሞው ዳኛ ግን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና፦

«ልጄ፣ ይህን ማን ነገረህ?» አሉት።

«ሕግ ነው፣ አባባ።»

«ሕግ ከሆነ ደግ ነው። እንግዲህ ቁጥር 1885ን ጀምረሃልና እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድበት። ቀብድ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አንተ ችካል ተክለህ ከሄድህ ሰባት ወር አልፎሃል። ቀብድ ነው ካልህ 320,000 ብር ቍጠር። ቅድሚያ ክፍያ ነው ካልህ 160,000 ብር ነው። የቱ ይሻልሃል?»

ተቋራጩ መሬት መሬት እያየ ጥቂት ቆየና «ቅድሚያ ክፍያ ነው» አለ።

ከሽማግሌዎቹ በቀር ያልሣቀ ሰው አልነበረም። ዳኛው ኋላ ለብቻዬ እንደ ነገሩኝ፣ በውሉ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ በግልጽ ስለ ተጻፈ ፍርድ ቤት ቢሄድ የቀብዱ ክርክር ከመጀመሪያውም የሚያስኬድ አልነበረም፤ እጥፉንም ማግኘታችን ዘበት ነበር። ነገር ግን በሽማግሌ ፊት አንድ ሰው ከገዛ አፉ ያወጣው ቃል ከብዙ ክርክር ይበልጣል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ዕዳ የለብኝም» የሚለው ነገር ቀርቶ «ስንት ነው? በስንት ጊዜ?» ወደሚለው ተሻገርን።

ስንት ነው የሚለውም ቀላል አልሆነም። ድንጋይና አሸዋው በእኛ ቦታ ላይ አለ። ቁጥር 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደ ነበሩበት ሁኔታ እንዲመለሱ ስለሚያዝዝ፣ ያመጣው ነገር ሊታሰብለት ይገባል። ይህን ስናገር ከገዛ አባሎቻችን «ለማን ነው የቆምኸው?» የሚል ተግሣጽ ደረሰብኝ። አንድ የታወቀ ግንበኛ ጠርተን አስገመትነው፤ 22,000 ብር አለ። ቀሪው 138,000 ብር ሆነ። ውሉ ስለ ወለድ ስለማይናገር በሕጉ መሠረት በዓመት 9 በመቶ ልንጠይቅ እንችል ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን ወለዱን አስማሩት። በሦስት ጊዜ፣ በጥር፣ በመጋቢትና በግንቦት ወር 2011 በየጊዜው 46,000 ብር ሊከፍል ተስማማ።

እዚህ ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ቅር ያሰኘ ነገር አነሣሁ፤ ስምምነቱ በፍርድ ቤት ይመዝገብ አልሁ። «የሽማግሌ ቃል አይበቃም ወይ?» አሉኝ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 274 ጀምሮ እንደሚነበበው፣ ተከራካሪዎች በዳኛ ፊት ወይም ከፍርድ ቤት ውጭ ያደረጉት ዕርቅ በመዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። እንዲህ የሆነ ዕርቅ ሲፈርስ ክርክሩን ከሥሩ መጀመር ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ይሄዳል። የቀድሞው ዳኛ ነገሩን ሲያስረዷቸው «ቃላችንን ማንም አልናቀም፤ ቃላችን ልብስ ይልበስ ነው የሚለው ልጁ» አሏቸውና ተስማሙ። እኔ እንዲህ አሳምሬ አልተናገርሁም ነበር።

ዳኛው አንድ ነገር ጨመሩ። «ዋስ ይጥራ፤ ከነቍጥሩ።» ተቋራጩ ከማቻከል ወረዳ፣ ከአማኑኤል ከተማ አጠገብ የሚኖሩ የእናቱን ወንድም ጠራ። በጥቅምት ወር ፍርድ ቤት ሲከፈት ክስ አስገባን፤ በኅዳር ወር ዕርቁ ተመዘገበ። የዋስትናውን ጽሑፍ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ «እስከ 138,000 ብር ድረስ፣ ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኀላፊ ነኝ» ይላል። ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችሉ ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሲሰሙ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ እሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው?»

«አዎን፣ አያ። እርሱን አስቀድማችሁ ጠይቁት ለማለትም አይችሉም።»

«እንግዲያማ እንዳልኸው ይሁን» አሉና አውራ ጣታቸውን አተሙ።

በዚያው በኅዳር ወር 2011 የአገሩ ሬዲዮ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ሌላ ተቋራጭ ነበር፤ ይኸውም በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ የሚባለው ነው። ይህ የመንግሥት ድርጅት ከተረከባቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ በቀድሞው ጎጃም ቆላ፣ በአዊ ዞን በጃዊ ወረዳ የሚገኘው የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በተባለው ጊዜ አልደረሰም፤ የተተከለው ሸንኮራ አገዳ የሚፈጨው አጥቶ በማሳው ላይ አረጀ። በነሐሴ 2010 የታላቁ የህዳሴ ግድብ ሥራ ከኮርፖሬሽኑ እጅ እንዲወጣ ተደረገ። በኅዳር ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኮርፖሬሽኑ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ አገር ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ አስታወቁ።

እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለተቋራጭ ቅድሚያ ክፍያ ሲከፈል የዋስትና ደብዳቤ ሳይታይ ቼክ አይፈረምም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዢ መመሪያም ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥና እኩያ የሆነ ዋስትና እንዲቀርብለት ያዝዝ ነበር። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተሠራው አሠሪና ተቋራጭ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው በማለት ነው። መንግሥት ከገዛ ድርጅቱ ጋር ሲዋዋል ግን ዋስ የሚጠራው ማንን ነው? የአንድ እጀ ጠባብ ሁለት ኪስ አንዱ ለሌላው ዋስ ቢሆን ከሳሹ ማን ነው? የዕድራችን ገንዘብ ያዥ፣ ትምህርታቸው ከቄስ ትምህርት ቤት ያላለፈ ሰው፣ ዜናውን አዳምጠው ሲያበቁ «እኛ ያለ ቍጥር ዋስ ያዝን፤ እነርሱ ያለ ዋስ ቍጥር ያዙ» አሉ። ስለ ሜቴክ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ አጥርቶ የተናገረ ግን አላገኘሁም።

የጥሩ ክፍያ በቀኑ ገባ። የመጋቢቱ 12 ቀን ዘገየና ገባ። የግንቦቱ ግን ቀረ፤ ተቋራጩም ከከተማው ጠፋ። ኮሚቴው በሰኔ መጀመሪያ ተሰበሰበ። ዋሱ ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በነጠላ ስለ ፈረሙ አፈጻጸሙን በቀጥታ በእርሳቸው ላይ መጠየቅ እንችላለን፤ ይህን የጻፍሁት እኔ ስለ ሆንሁ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈለግሁም። ነገር ግን ደብዳቤውን ገና ሳንጽፍ ሽማግሌው ራሳቸው በስብሰባው ላይ ደረሱ። ወሬውን ከዘመድ ሰምተው ኖሯል። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ገንዘብ አውጥተው በጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ 46,000 ብር ነው። ጥማድ በሬያቸውን በ33,000 ብር፣ 5 ኩንታል ጤፍ በ13,000 ብር ሸጠው ነው የመጡት።

የጎጃምን ደጋ የሚያውቅ አንባቢ ሰኔ ማለት ምን እንደ ሆነ ይረዳል። የጤፍ መሬት ተደጋግሞ የሚታረስበት፣ በሬ ያለው ሰው በሬውን እንደ ዐይኑ ብሌን የሚጠብቅበት ወር ነው። አንዱ አባል «አያ፣ አሁን በምን ያርሳሉ?» ቢላቸው «ዘንድሮ መሬቱን በእኩል ሰጥቼዋለሁ» ብለው መለሱ። በእኩል መስጠት ማለት ሌላው ሰው በበሬው አርሶ ምርቱን ለሁለት መካፈል ነው።

ቤቱ ዝም አለ። ከዚያም ክርክር ተነሣ። ግማሹን እንመልስላቸው የሚሉ ነበሩ፤ እስከ መኸር ድረስ እንታገሥ የሚሉም ነበሩ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ሕጉን ተናገርሁ እንጂ ከዚያ የዘለለ ነገር አልተናገርሁም፤ ያን ጊዜ ከአፌ የሚወጣው ሕግ እንደ ድንጋይ ይከብደኝ ነበር። የባሏን የቀብር ገንዘብ ግማሽ ብቻ የተቀበለችው ሴት በበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበርና ተነሣች። ያችኑ ወረቀት ከነጠላዋ ጫፍ ፈታች።

«የአያ በሬ እኔንም ያሳዝነኛል» አለች። «የእኔም ወረቀት ዓመት ሆነው። እሳቸው የፈረሙት ዐውቀው ነው፤ እኔ የያዝሁትን ግን አልፈረምሁም።»

ሽማግሌው «እውነቷን ነው፤ ተቀበሉ» አሉ።

ተቀበልን። ትክክል አልነበረም አልልም፤ በዚያ ቤት ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ከነገሩ ያልተጠቀመው እርሳቸው ብቻ መሆናቸውን ግን ያላየ አልነበረም። ገንዘብ ያዡ ብሩን ቈጥረው ሲያበቁ ከሁሉ በፊት የሴትዮዋን ቀሪ ግማሽ ሰጧትና ወረቀቷን ቀደዱት። ስለ አዳራሹ የተነጋገረ ሰው አልነበረም፤ ድንጋዩ እስከ ዛሬ በቦታው አለ፤ አሸዋውን ክረምቱ ሸርሽሮታል።

ለሽማግሌው ደረሰኝ ጻፍሁላቸው። ከስብሰባው በኋላም ወደ ውጭ ሸኝቻቸው፣ ዕዳ የከፈለ ዋስ በአበዳሪው እግር ተተክቶ ባለዕዳውን ሊጠይቅ እንደሚችል፣ ደረሰኙን እንዳይጥሉት፣ ከፈለጉም የክሱን ማመልከቻ እኔው ራሴ ያለ ዋጋ እንደምጽፍላቸው ነገርኋቸው። ደረሰኙን አነብላቸው ዘንድ ጠየቁኝ፤ አነበብሁላቸው። ቀኑንና የገንዘቡን ልክ ደግሜ እንዳነብ አደረጉኝ።

«ለመጠየቅ ስንት ዓመት ይቆያል አልኸኝ?»

«10 ዓመት፣ አያ።»

«የእኅቴ ልጅ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «10 ዓመት ጊዜ አለው» አሉ።

ደረሰኙን ገንዘቡ በነበረበት ጨርቅ ጠቅልለው በደረታቸው ከተቱትና ወደ አማኑኤል የሚሄደው የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቁኝ።